54 በመቶ ነጥብ እንዴት 82 በመቶ ድል ይሆናል?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ የቴኒስ ተጫዋቹ ሮጀር ፌደረር በ2024 በዳርትማውዝ ኮሌጅ ምረቃ ላይ ያደረገውን ንግግር ሰማሁት። በሙያ ዘመኑ ካደረጋቸው 1,526 የነጠላ ግጥሚያዎች ወደ 80 በመቶ ገደማ አሸንፌያለሁ፣ ከነጥቦቹ ግን ያሸነፍኩት 54 በመቶውን ብቻ ነው አለ። ጓደኛዬ ‹54 ማለት እኮ ግማሽ በግማሽ ነው፣ ሰውየው ዕድለኛ ነበር› ብሎ ድርቅ አለብኝ። መልስ አጣሁ። ደግሞ በ2019 የዊምብልደን ፍጻሜ ከጆኮቪች በላይ ነጥብ ሰብስቦ ተሸነፈ። ታዲያ የቴኒስ ቁጥር ምኑ ይታመናል?»

ጓደኛህ ተሳስቷል። ግን የተሳሳተበት ቦታ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ነው፤ ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

መጀመሪያ መዝገቡን እናጥራው። ፌደረር 1,251 ግጥሚያ አሸንፎ 275 ተሸንፏል። ይህ 82 በመቶ ነው፤ በንግግሩ ላይ ትንሽ ዝቅ አድርጎታል። 103 ዋንጫ ወስዷል። ከእነዚህ 20ዎቹ የግራንድ ስላም፣ ማለትም የዓመቱ አራት ታላላቅ ውድድሮች፣ ናቸው፦ 8 ዊምብልደን፣ 6 አውስትራሊያ፣ 5 አሜሪካ፣ 1 ፈረንሳይ። 310 ሳምንት የዓለም ቁጥር አንድ ነበር። ከእነዚህ ውስጥ 237ቱ ሳይቋረጡ የተከታተሉ ናቸው። ዕድል አንድ ሳምንት ሊረዳ ይችላል። ለአራት ዓመት ተኩል ግን አይዘልቅም።

አሁን ወደ 54 እንምጣ።

እግር ኳስ ላይ የገባ ጎል እስከ መጨረሻው ፊሽካ ይቆጠራል። ቴኒስ ግን በየመንገዱ ሒሳብ እየዘጋ የሚሄድ ጨዋታ ነው። ነጥብ ተሰብስቦ ጌም ይሆናል። ጌም ተሰብስቦ ሰት ይሆናል፤ ሰት የምለው ስድስት ጌም ለመሙላት የሚደረገውን ክፍል ነው። ሰት ተሰብስቦ ግጥሚያ ይሆናል። አንዱ ጌም ሲያልቅ ያ ገጽ ይዘጋል። በዜሮ አሸነፍከው፣ ከአሥር ዲውስ (40 ለ 40 እኩል ከመሆን) በኋላ አሸነፍከው፣ የሚጻፍልህ ያው አንድ ጌም ነው። የተረፈ ነጥብ ወደሚቀጥለው አይሻገርም።

ይህ ነገር ትንሿን ብልጫ ምን እንደሚያደርጋት ላሳይህ። እያንዳንዱን ነጥብ የማሸነፍ ዕድሉ 54 በመቶ የሆነ ተጫዋች አለ እንበል። ሰርቩንም (ነጥቡን የሚያስጀምረውን ምት)፣ ድካሙንም፣ ነፋሱንም ለጊዜው እንተወው። ጌም ለመውሰድ ቢያንስ አራት ነጥብ ያስፈልገዋል፤ ተጋጣሚውንም በሁለት መብለጥ አለበት። ስሌቱ ሲሠራ ጌሙን የመውሰድ ዕድሉ 60 በመቶ ይወጣል። ጌሙን በ60 የሚወስድ ሰው ደግሞ ሰቱን በ76 በመቶ ይወስዳል። ሰቱን በ76 የሚወስድ ሰው፣ ከሦስት ሰት ሁለቱን ማሸነፍ በሚበቃበት ግጥሚያ 86 በመቶ ያሸንፋል። በግራንድ ስላም፣ ከአምስት ሰት ሦስት በሚጠየቅበት፣ 91 ይደርሳል።

አየህ፣ ከ50 በላይ ያለችው ያቺ አራት በመቶ በየደረጃው እየተባዛች ነው የምትወጣው። 51 በመቶ ብቻ ያለው ሰው እንኳ ከሦስት ሰት በሚደረግ ግጥሚያ ወደ 60 በመቶ ያሸንፋል። ለዚህ ነው 54 በቴኒስ ትልቅ ቁጥር የሚሆነው። ዋና ተቀናቃኞቹ ናዳልም ጆኮቪችም እዚያው 54 እና 55 አካባቢ ናቸው። እዚያ ሰፈር ለረጅም ዓመታት የቆየ ሰው ከምርጦቹ መሀል ይቆጠራል።

«ታዲያ ስሌቱ 86 እና 91 ካለ፣ መዝገቡ ለምን 82 ሆነ?» ትለኝ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። 54 አማካይ ስለሆነ ነው። በመጀመሪያው ዙር ከእሱ በጣም የሚያንስ ሰው ሲገጥመው ድርሻው ከዚያ በላይ ይወጣል። ፓሪስ ላይ ከናዳል ጋር ሲገናኝ ደግሞ ከ50 በታች ይወርዳል። በቀላሉ ባሸነፈበት ቀን የተረፈው ነጥብ የከፋውን ቀን ኪሳራ አይሸፍንለትም። አንድን ግጥሚያ ሁለት ጊዜ ማሸነፍ አይቻልማ።

አሁን ሰርቩን እንመልሰው፤ ምክንያቱም እውነተኛው ጨዋታ ያለው እዚያ ነው። የፌደረር የሙያ ዘመን ቁጥሮች እነዚህ ናቸው። የመጀመሪያ ሰርቩ 62 በመቶ ይገባለታል። ሲገባለት ከነጥቦቹ 77 በመቶውን ይወስዳል። ሳይገባለት ቀርቶ ሁለተኛውን ሲመታ 57 በመቶ ይወስዳል። ሁለቱን አዋህዳቸው፦ ሰርቭ ካደረገባቸው 100 ነጥቦች 69 ወይም 70 የእሱ ናቸው። ይህን ወደ ጌም ብትቀይረው 89 በመቶ ይሰጥሃል። ከዚያ የኤቲፒን፣ የወንዶች ቴኒስ ማኅበሩን፣ መዝገብ ክፈት፤ ፌደረር ሰርቭ ካደረገባቸው ጌሞች ያሸነፈው 89 በመቶ ነው ይላል። ይህን ስሌት መጀመሪያ በእጄ ሠርቼ ከመዝገቡ ጋር ልክ ሲገጥምልኝ ወረቀቱን ይዤ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ከሃያ ዓመት በላይ የተጫወተ ሰው በአንድ መስመር ሲጠቃለል ማየት ይገርማል።

ተጋጣሚው ሰርቭ ሲያደርግስ? ፌደረር እዚያ ከ100 ነጥብ 40 ገደማ ነው የሚያገኘው። ስሌቱ ወደ ጌም ሲለወጥ 26 ወይም 27 በመቶ ይላል። መዝገቡ 27 ነው። እንግዲህ በአሥር ጌም ሰት ውስጥ አምስት ጊዜ እሱ፣ አምስት ጊዜ ተጋጣሚው ሰርቭ ያደርጋል። ፌደረር የሰው ሰርቭ በአማካይ ከአንድ ጊዜ በላይ ይሰብራል፤ ሰርቭ መስበር ማለት ተጋጣሚ ሰርቭ ያደረገበትን ጌም መውሰድ ነው። የእሱ ግን በሁለት ሰት አንዴ ብቻ ነው የሚሰበረው። ሰት የሚያሸንፈው በዚህች ልዩነት ነው። ቴሌቪዥን ላይ የምናየው ያ ሁሉ ውበት፣ ያ የአንድ እጅ ባክሃንድ፣ መጨረሻ ላይ የሚያርፈው እዚህ ነው።

ስለዚህ ለጓደኛህ የምትመልስለት ይህ ነው፦ 54 ግማሽ በግማሽ አይደለም። ሰርቭ ላይ 70፣ ተቀባይ ሆኖ 40 የነበረ ሰው አማካይ ነው።

ወደ 2019 ፍጻሜ እንሂድ። እኔም ያን ቀን ደብተር ይዤ ቴሌቪዥን ፊት ነበርኩ። ከሜዳ ዳር ሆኜም ሆነ ቤት ቁጭ ብዬ ነጥብ መመዝገብ የቆየ ልማዴ ነው።

ውጤቱ 7 ለ 6፣ 1 ለ 6፣ 7 ለ 6፣ 4 ለ 6፣ 13 ለ 12 ለጆኮቪች። 4 ሰዓት ከ57 ደቂቃ ፈጀ። ፌደረር 218 ነጥብ፣ ጆኮቪች 204። በጌምም ፌደረር ይበልጣል፣ 36 ለ 32። ተቀባዩ ሳይነካው ያለፈ ሰርቭ፣ ኤስ የምንለው፣ 25 ለ 10። የአሸናፊ ምት 94 ለ 54። ሰርቭ መስበር 7 ለ 3። ይህን ሠንጠረዥ ስም ሸፍነህ ለማንም ብታሳየው፣ ያሸነፈው የቱ ነው ስትለው ጣቱን ፌደረር ላይ ነው የሚቀስረው።

አሁን ሠንጠረዡን ለሁለት ቁረጠው። ግጥሚያው ሦስት ታይብሬክ ነበረው፤ ታይብሬክ ጌሙ እኩል ሲሆን ሰቱን የሚለይ አጭር የነጥብ ፉክክር ነው። ጆኮቪች 7 ለ 5፣ 7 ለ 4፣ 7 ለ 3 አሸነፋቸው። ደምረው፦ 21 ለ 12። ከ422 ነጥብ 33ቱ ብቻ እዚያ ተጫወቱ። ከታይብሬክ ውጭ ባለው ሁሉ ፌደረር 206 ለ 183 ይመራል። በ23 ነጥብ ማለት ነው! ግን ያ ብልጫ የት ዋለ? ብዙው ሁለተኛውን ሰት 6 ለ 1 በወሰደበት ጊዜ ነው የፈሰሰው። ያ ሰት 6 ለ 1 ቢሆንም፣ 7 ለ 6 ቢሆንም፣ የሚጻፈው አንድ ሰት ነው። ጆኮቪች ሁለቱን ሰቶች ሲያጣ በሰፊው አጣ። ሦስቱን ሲወስድ በጠባቡ ወሰደ። በቴኒስ ሕግ ይህ ፍጹም ትክክለኛ ድል ነው። ማንም አልተሰረቀም።

ደብተሬ ላይ አንዲት መስመር አለች፤ አሁንም እከፍታታለሁ። አምስተኛው ሰት፣ ፌደረር 8 ለ 7 ይመራል፣ ሰርቭ የእሱ ነው፣ 40 ለ 15። ሁለት የዋንጫ ነጥብ። ሰርቭ ሲያደርግ 70 በመቶ የሚያሸንፍ ሰው ሁለት ዕድል ሲያገኝ ሁለቱንም የማጣት ዕድሉ ከአሥር አንድ ያህል ነው። በመጀመሪያው ፎርሃንዱ ወደ ውጭ ወጣ። በሁለተኛው ወደ መረቡ ቀረበ፤ ጆኮቪች በፎርሃንድ አግድም አሳለፈበት። ከአሥር አንዱ ያን ዕለት ሆነ። ልብ በል፣ ያ ዓመት ዊምብልደን አምስተኛው ሰት 12 ለ 12 ሲደርስ ታይብሬክ ይደረግ የሚል አዲስ ሕግ ሥራ ላይ ያዋለበት ነው። በቀድሞው ሕግ በሁለት ጌም እስኪበላለጡ ይቀጥሉ ነበር።

ፌደረር የተበደለ መስሎ እንዳይታይህ ግን 2009ን ልጨምርልህ። ያ የዊምብልደን ፍጻሜ ከአንዲ ሮዲክ ጋር ነበር። 5 ለ 7፣ 7 ለ 6፣ 7 ለ 6፣ 3 ለ 6፣ 16 ለ 14። ጌሞቹን ደምር፦ ሮዲክ 39፣ ፌደረር 38። ሮዲክ በጌም በልጦ ተሸነፈ። 38 ጊዜ ሰርቭ አደረገ፤ የተሰበረው አንዴ ብቻ ነው፣ እሱም በመጨረሻው ጌም። በሁለተኛው ሰት ታይብሬክ 6 ለ 2 እየመራ አራት የሰት ነጥብ ነበረው። ፌደረር ስድስት ነጥብ በተከታታይ ወስዶ 8 ለ 6 ዘጋው። ሮዲክ ያን ታይብሬክ ቢወስድ ኖሮ 2 ለ 0 ይመራ ነበር። ሳር ሜዳ በ2009 የሰጠውን ነው በ2019 የወሰደበት። እኔ በግሌ ከሁለቱ ይበልጥ የሚያመኝ የሮዲክ ነው፤ ምክንያቱም ፌደረር ያን ጊዜ ሌላ አምስት የዊምብልደን ዋንጫ ነበረው። ሮዲክ አንድም አልነበረውም፣ አላገኘምም።

አንድ ጊዜ ከማሠለጥናቸው ልጆች አንዷ እንዲህ ተሸንፋ አለቀሰች። 13 ዓመቷ ነበር። «የበለጠ ነጥብ አግኝቻለሁ አላልክም?» አለችኝ። ደብተሩን ከፍቼ አሳየኋት። 1 ለ 6፣ 7 ለ 5፣ 7 ለ 5 ነበር ለተጋጣሚዋ። የመጀመሪያውን ሰት ስድስት ጌም በየተራ ጠራርጋ ወስዳለች፤ ነጥቧ ሁሉ እዚያ ተከምሯል። በሁለቱ ሰቶች 5 ለ 5 ሲደርስ ግን ሁለተኛ ሰርቯ እየተንቀጠቀጠ መረብ ይመታ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ አብረን የሠራነው ሁለተኛውን ሰርቭ ነው። ቁጥር ለዚህ ነው የሚጠቅመው፤ የቱ ጋ እንደሚፈስ ያሳይሃል።

ሰዎች ብዙ ጊዜ «ታላቅ ተጫዋች ትልቅ ነጥብ ላይ ሌላ ሰው ይሆናል» ይላሉ። የፌደረር መዝገብ ይህን ያን ያህል አይደግፍም። ሰርቭ ለመስበር ካገኛቸው ዕድሎች 41 በመቶውን ተጠቅሟል። በተቀባይነት በማንኛውም ነጥብ ላይ ደግሞ 40 ነው። ልዩነት የለውም። የእሱ ሰርቭ ሊሰበር ሲል 67 በመቶውን አድኗል፤ በሌላው ጊዜ 70 ገደማ ነበር። እንዲያውም ትንሽ ወርዷል። ይህ ድክመት አይደለም። ሰርቭህን የመስበር ዕድል ደጋግሞ የሚያገኘው ጎበዝ ተቀባይ ስለሆነ ያ ነጥብ በተፈጥሮው ይከብዳል። ነጥቤ ሌላ ነው፦ ፌደረር ትልቁ ነጥብ ላይም ትንሹ ነጥብ ላይም ያው ሰው ነበር። ለእኔ ጥንካሬው ይህ ነው። በርግጥ መጥፎ ቀንም አለ። በ2007 የፈረንሳይ ፍጻሜ የናዳልን ሰርቭ ለመስበር 17 ዕድል አግኝቶ የተጠቀመው አንዱን ብቻ ነው። በተለመደው ልኩ ቢሆን ሰባት ይጠበቅ ነበር።

ናዳልን ካነሳን አይቀር፣ የእርስ በርስ ውጤት የምትባለዋን ቁጥር ተጠንቀቅባት። ናዳል 24፣ ፌደረር 16። ክርክር ላይ በጣም የምትመዘዝ ቁጥር ናት። ክፈታትና እይ። ከ40ዎቹ ግጥሚያዎች 16ቱ በቀይ አፈር ሜዳ ናቸው፤ እዚያ ናዳል 14 ለ 2 ይመራል። በጠንካራው ሜዳ በሃርድ ኮርትና በሳር ግን ፌደረር 14 ለ 10 ይበልጣል። አፈር ላይ ብዙ የተገናኙት ለምንድን ነው? ፌደረር አፈር ላይም ፍጻሜ የሚደርስ ተጫዋች ስለነበረ ነው። ቀድሞ ቢሸነፍ ኖሮ ለናዳል የሚያስረክበው ግጥሚያ አይኖርም ነበር፤ ቁጥሩም ያምርለት ነበር። በ2006 ያደረገውን ተመልከት፦ 92 አሸንፎ 5 ተሸነፈ። ከአምስቱ አራቱ በናዳል ነው። ዱባይ፣ ሞንቴ ካርሎ፣ ሮም፣ ፓሪስ። አራቱም ፍጻሜ ነበሩ። አምስተኛው ሲንሲናቲ ላይ በአንዲ መሬይ ነው። ከጆኮቪች ጋር ያለው 27 ለ 23 ለጆኮቪች ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው፤ ጆኮቪች ስድስት ዓመት ገደማ ያንሰዋል፣ ብዙዎቹም የተደረጉት ፌደረር 30 ካለፈ በኋላ ነው። እሱን ለሌላ ቀን ልተወው።

ስለ አቆጣጠሩም አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ክርክር የሚነሳው ከዚያ ነው። ተጋጣሚህ ሜዳ ሳይገባ ከቀረ ታልፋለህ እንጂ ግጥሚያው እንደ ድል አይቆጠርልህም። በ2014 ለንደን ላይ የኤቲፒ ማጠቃለያ ፍጻሜ ፌደረር ጀርባውን አሞት ሲቀር፣ ጆኮቪች ዋንጫውን አነሳ፤ ከ27ቱ ድሎች ውስጥ ግን ያ የለበትም። ጀምሮ ካቋረጠ ደግሞ ይቆጠራል። ፌደረር ጀምሮ ያቋረጠው ግጥሚያ የለም። ከ1,526ቱ በአንዱም እሱ ሜዳውን ጥሎ አልወጣም። ይህ መስመር በየትኛውም ሠንጠረዥ ውስጥ የለም፤ እኔ ግን ከ20ው ግራንድ ስላም ጎን አስቀምጠዋለሁ። የወዳጅነት ግጥሚያ አይቆጠርም። በ2020 እናቱ በተወለደችባት ደቡብ አፍሪካ፣ ኬፕ ታውን ላይ ከ51,000 በላይ ሰው ፊት ናዳልን ያሸነፈበት ጨዋታ ከ16ቱ ውስጥ የማይገባው ለዚህ ነው።

ደግሞ 82 በመቶው ወጣትነቱንም እርጅናውንም ይዟል። በ1999፣ ገና ልጅ ሳለ፣ 13 አሸንፎ 17 ተሸንፏል። ከ2004 እስከ 2007 ባሉት አራት ዓመታት ግን 315 አሸንፎ የተሸነፈው 24 ብቻ ነው። 93 በመቶ ይሆናል። የመጨረሻው የነጠላ ግጥሚያው በ2021 ዊምብልደን ሩብ ፍጻሜ ከሁበርት ሁርካች ጋር ነው፤ የመጨረሻዋ ሰት 6 ለ 0 ነበረች፣ ጉልበቱ አልታዘዘውም። ያቺ 6 ለ 0 ከ275ቱ ሽንፈቶች አንዷ ሆና ተቆጥራለች፤ የአንድ አማካይ ቁጥር ውስጥ ምን ያህል የተለያየ ሰው እንዳለ አስበው።

ቁጥር ይታመናል ወይ ላልከው፣ ከገጹ መርጠህ ካየኸው በጣም ይታመናል። ጠቅላላ ነጥብ፣ የኤስ ብዛት፣ የአሸናፊ ምት ብዛት ዓይን ይማርካሉ እንጂ ብቻቸውን ብዙ አይናገሩም። ኢቮ ካርሎቪችና ጆን ኢስነር በኤስ ፌደረርን ይበልጡታል፤ ሁለቱም ግን አንድ ግራንድ ስላም እንኳ አልወሰዱም። እኔ የማንንም ተጫዋች ገጽ ስከፍት መጀመሪያ ሁለት ቁጥር እደምራለሁ፦ ሰርቭ አድርጎ የያዛቸው ጌሞች በመቶኛ፣ የሰበራቸው ጌሞች በመቶኛ። ድምሩ 100 ከሆነ ከተጋጣሚዎቹ እኩል ነው። ፌደረር 89 እና 27 ነው፤ 116። ዛሬ ማታ ከጓደኛህ ጋር ሆናችሁ የምትወዱትን ተጫዋች ቁጥር ደምሩና አወዳድሩ። አንድ ግጥሚያም ነጥብ በነጥብ በደብተር መዝግባችሁ ብትልኩልኝ፣ የት እንደፈሰሰ አብረን እናየዋለን።